ሰማያዊው ጨርቅ፦ የአንዲት ፔጆ 404 የቀለም እድሳት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ጋሼ ሸራውን ገፈው ሲያበቁ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆመን አየናት። ፔጆ 404፤ ጎንና ጎኗ ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ። ለዓመታት ሐረር ውስጥ ሰው ስታመላልስ የኖረች ታክሲ ናት። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ሞተሯ ግን ዛሬም በአንድ ቁልፍ ይነሳል። የጋሼ ልጅ ጥር 17 ታገባለች። «በኪራይ መኪና አልወጣም፤ ያደግሁባት ትውሰደኝ» ብላ አስምላናለች። ስለዚህ አንድ ወር እንኳ የለኝም፤ እሱም ከመድኃኒት ቤት ሥራዬ የሚተርፈው ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው።

«ቀለሟ ሞቷል፤ እንደገና ማስቀባት ነው» አሉ ጋሼ። እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ መዳፌ ጠመኔ እንደ ነካ ሰው ሆነ፤ ንግግራቸው እውነት ሳይመስለኝ አልቀረም። ግን ከመፍረድ በፊት ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ደፋሁበት። ውሃው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ጥልቅ ሰማያዊ ሆነ፤ ሲደርቅ ተመልሶ አመድ ለበሰ። ይህ ደግ ምልክት ነው። ውሃው የሻከረውን ገጽ ለጊዜው ሞልቶ ብርሃን እንዳይበተን ያደርጋል፤ ቀለሙ ከሥር ካለ ያኔ ይታያል። ውሃ ነክቶት ካልተለወጠ ነበር መርዶው።

ቀጥዬ ነጭ ጨርቅ በጥቂት የቀለም ማጽጃ አርሼ የግራውን በር ጥግ አሸሁ። ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። ጋሼ ደነገጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ቀለሟን እየላጥሽው ነው!»

ልክ ናቸው፤ ጥቂት እየላጥሁት ነው። የዛሬ መኪኖች ከቀለማቸው በላይ ግልጽ ሽፋን ይለብሳሉ፤ ቢፈተጉ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ያ ቀለም አልባ ሽፋን ስለሆነ ባለቤቱ ምን ያህል እንደ ጎደለ አያይም። 404 ግን ፈረንሳይ ውስጥ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተመረተች መኪና ናት፤ የዚያን ዘመን ቀለም ፀሐዩንም ዝናቡንም የሚቀበለው ራሱ ነው። በኋላ ታክሲ ስትሆን የተቀባችውም እንዲሁ ያለ ሽፋን ነው። ጨርቁ ሰማያዊ መሆኑ ስለዚህ ጥፋት አይደለም፤ ሂሳብ ነው። የመኪና ቀለም ከነሥሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናል፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ሁለት ፀጉር ጎን ለጎን አስተኝቼ ለጋሼ አሳየሁ፤ «ያለን ይህ ብቻ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

እጥበት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሦስት ጀሪካን ከሌሊቱ ሞልቼ አስቀመጥሁ። ሁለት ባልዲ፦ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቂያ። ባልዲውን አንድ ያደረገ ሰው ከታች ጎማው ሥር ያነሳውን አሸዋ ወስዶ ኮፈኑ ላይ ያሽበታል። ከጣሪያ ጀመርሁ፤ የታችኛው ጎን መጨረሻ።

እዚህ ከጋሼ ጋር ሌላ ክርክር ነበረብን። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠቧት በኦሞ ነው፤ ከዚያም ጨርቅ በላምባ ነክረው ይወለውሏታል፤ ለአንድ ሰዓት ታበራለች። ኦሞ ለልብስ እድፍ የተሠራ ነው፤ መኪና ላይ ያለውንም ሰም አብሮ ይወስዳል። ዛሬ ግን ያንኑ ኦሞ ራሴ ተጠቀምሁ፤ የዓመታት የላምባ ቅሪት መነሳት ስላለበት ነው። ከዛሬ በኋላ ግን ክልክል ነው። የላምባዋን ጠርሙስ ጋራዡ ውስጥ መደርደሪያው ላይ እንዳለች ተውኳት፤ መውሰድ ድፍረት መሰለኝ።

ጣሪያው ላይ ክብ ክብ ነጭ ምልክት ሞልቷል። የውሃ ጠብታ የተወው ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ከሸሸ ወዲህ ለሐረር ከተዘረጉት መስመሮች አንዱ ከድሬዳዋ በኩል የከርሰ ምድር ውሃ ሽቅብ የሚገፋው ነው፤ ያ ውሃ የኖራ ድንጋይ ውሃ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊትና ይህ ምልክት ወንድማማቾች ናቸው። አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጬ ጨርቅ ነክሬ ደቂቃ ያህል አስተኛሁበት፤ አብዛኛው ለቀቀ። ወዲያው በብዙ ውሃ አለቀለቅሁ።

ሲደርቅ የፌስታል ሙከራ። እጅን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትቶ ቀለሙ ላይ ማንሸራተት ነው፤ ባዶ እጅ ለስላሳ ያለውን ፌስታሉ ይክደዋል። የኋላው ክዳን ላይ ጣቶቼ ሥር እንደ ጤፍ ፍሬ የሚነካ ነገር ነበር፤ በውሃ የማይወጣ፣ ቀለሙ ውስጥ የተተከለ አቧራና ብረት ብናኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

መኪናዋን አልነካኋትም፤ ግን ይህን መጻፍ አለብኝ። ምሳ ሰዓት ፈረስ መጋላ ጫማዬን አስጠረግሁ። ሊስትሮው መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አጠበው፣ በደረቅ ጨርቅ አደረቀው፣ ጠበቀም። ከዚያ ሁለት ጣቱን በጨርቅ አጥብቆ ጠቅልሎ የኪዊውን ጣሳ ዳር ዳሩን ብቻ ነካ፤ ጨርቁ ላይ ቀለም ያለ አይመስልም ነበር። ትንሽ ጨምርበት ስለው «ከበዛ አቧራ ይጠጣል እንጂ አያበራም፣ እትዬ» አለኝ። ኪዊ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረ ጣሳ ነው፤ ውስጡም ካርናውባ ሰም አለ፤ ለመኪና ውድ ተብሎ የሚሸጠው ያው ሰም። ቅዳሜ ልገዛው የምሄደውን ነገር አሠራር በጥቂት ብር እግሬ ላይ ተማርሁት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ። ከአወዳይና ከሐሮማያ አልፎ ደንገጎን ቁልቁል ሲወርዱ አየሩ እንደ ምድጃ በር ይከፈታል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ፤ ሰም የሚገዛ ሰው ይህን ልዩነት ማሰብ አለበት።

ሻጩ ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ከጣሳው ፊት ይልቅ ጀርባውን ማንበብ ልማዴ ነው።

የመጀመሪያው ፈሳሽ፣ «ያጸዳል፣ ያበራል፣ ይጠብቃል» የሚል። እንዲህ ያለው በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ የሚሠራ ነገር ውስጡ የሚፍቅ ቅንጣት ወይም የሚያሟሟ ፈሳሽ አለው፤ ሰሙ ጥቂት ነው። ለአዲስ መኪና፣ ጊዜ ለሌለው ሰው አልጠላውም። ጠመኔ ለሆነ ቀለም ግን ለአንዱም ሥራ አይበቃም።

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ሰም ነው፤ ፖሊመር። በወራት የሚቆጠር ዕድሜ አለው፣ ሙቀት ይችላል፣ ለመቀባትም ቀላል ነው። ድሬ ኖሬ መኪናዬ ቀኑን ሙሉ ከዚራ ፀሐይ ላይ ብትውል ያለ ጥያቄ ይህን እወስድ ነበር።

ሦስተኛው የካርናውባ ጣሳ፣ ጠጣር። ሻጩ «መቶ በመቶ ካርናውባ ነው» አለ። ሊሆን አይችልም። ካርናውባ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚፋቅ ሰም ነው፤ ንጹሑ እንደ ድንጋይ ደረቅ ስለሆነ በጥፍር እንኳ አይነሳም። በዘይትና በሚተን ፈሳሽ ካልላላ ጨርቅ አይይዘውም። «መቶ በመቶ» የሚለው ውስጡ ያለው ሰም ሌላ ሰም አልተቀላቀለበትም ለማለት እንጂ ጣሳው ሰም ብቻ ነው ለማለት አይደለም። ለሻጩ ይህን ብነግረው «ታዲያ ካወቅሽ ለምን ትጠይቂኛለሽ» አለኝ፤ ተሳሳቅን።

የወሰድሁት ሦስተኛውን ነው። ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለት ሦስት ወር። ግን ያረጀ፣ ግልጽ ሽፋን የሌለው ድፍን ቀለም ላይ የሚሰጠው እርጥብ የሚመስል ጥልቀት ሌላው የለውም፤ እኔ የምፈልገውም ለጥር 17 ነው። ክዳኑን ከፍቼ አሸትቼ ነው የከፈልሁ። ከዚህ በፊት ከሌላ ቦታ የገዛሁት ጣሳ ቤት ስከፍተው የላምባ ሽታ ብቻ ነበር።

ክሌይም አገኘሁ፤ ሊጥ የሚመስለው የማጽጃ ጭቃ። እንዲሁም ሻጩ የመረቀልኝ ስሙ የማይነበብ የሚፍቅ ክሬም። ያንን ባልቀበለው ይሻለኝ ነበር፤ ነገ ይታያል።

ማታ ጋሼ ጣሳውን አገላብጠው አዩና «ሰም ነው የፈለግሽው? ከጧፍ ሠሪዎቹ አልገዛልሽም ነበር?» አሉ። ቀልድ አይደለም፤ አገራችን ከዓለም ዋና የንብ ሰም ላኪዎች አንዷ ናት። ግን የንብ ሰም 62 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፤ ካርናውባ ከ80 በላይ ይቆያል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ሰማያዊ ኮፈን ላይ እንቁላል ጠብሰናል የሚሉ ሰዎች ብዙም አያጋንኑም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ክሌዩን ጠፍጥፌ፣ ቀለሙን በሳሙና ውሃ አርጥቤ፣ ሳልጫን አንሸራተትሁት። መጀመሪያ ይይዛል፣ ኩርር ኩርር የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ከጥቂት ምልልስ በኋላ ድምፁ ይጠፋና እጅ ይንሸራተታል። ያኔ ጨርሷል። ገልብጬ ሳየው ሆዱ ቡና አተላ መስሏል። እጥፍ አድርጌ ንጹሑን ፊት አወጣሁ። አንድ ቁራጭ ከእጄ አምልጦ መሬት ወደቀ፤ ሳላቅማማ ጣልሁት። መሬት የነካ ክሌይ የብርጭቆ ወረቀት ነው።

ከዚያ ጥፋቱ መጣ። የግራው ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ አንድ ግትር ቦታ ነበር፤ ትዕግሥት አጣሁና የተመረቀልኝን ክሬም አወጣሁ። አምስት ስድስት ጊዜ አሸሁ። ጨርቁ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ከዚያ በድንገት ቀይ ቡናማ። ከቀለሙ ሥር ያለው ፀረ ዝገት ነው። የሃምሳ ሳንቲም የምታክል ራሰ በራ ፈጠርሁ።

ማወቅ ነበረብኝ። ቀለም ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ስስ ነው፤ ጣት ደግሞ ጠርዝ ላይ ኃይሉ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ያርፋል። ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ መሥራት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ለጋሼ ራሴ ጠርቼ አሳየኋቸው። ትንሽ አዩት። «እሷ ከእኔ ጋር ከአህያ ጋሪ ጋር ተጋጭታለች፤ ይህ ምን አላት» አሉ። ከቁጣ የባሰ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ከሥራ በኋላ ወደ ቀለም ቀቢ። የመጀመሪያ ጥያቄው ዋጋ አልነበረም፤ «ሰም ነክቷታል? ሲሊኮን ያለው ነገር?» ነበር። ሲሊኮን ያረፈበት ቦታ አዲስ ቀለም አይተኛም፤ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይፈጥራል፤ የዓሣ ዓይን ይሉታል። ሰሜን ገና አልቀባሁም ነበርና ተመስገን። ቀለሙን ከነዳጅ ክዳኑ ሥር ፀሐይ ካልነካው ቦታ አመሳስሎ በጠበጠና በትንሽ ብሩሽ ሦስት ጊዜ ደራርቦ ነካካው። «ለአንድ ወር ሰም እንዳታስነኪው፤ ውስጡ ያለው መተን አለበት» አለ። አንድ ወር ማለት ከሠርጉ በኋላ ነው። ሙሽራዋ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ያለ ሰም ትዳራለች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። ሥራ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 2

ዛሬ መኪና ግርግር ሄድሁ። ለማያውቅ፦ ስሙ ከመኪና ጋር ግንኙነት የለውም፤ መንገዱን ዳርና ዳር ከያዙት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ የወጣ ነው። ከአንዱ ሰፊ ንጹሕ የጥጥ ቁርጥራጭ በኪሎ ገዛሁ፣ ፎጣ ደግሞ ከጎኑ። እቤት አንድ አሮጌ ሲዲ ጀርባ ላይ እያንዳንዱን ጨርቅ አሸሁ፤ የጫረውን ለጎማ፣ ያልጫረውን ለቀለም መደብሁ። ቁልፍና ዚፕ ያለበትን ቁራጭ ገና ሳላይ ጣልሁ።

ፍቁን ትቼ ወደ ዘይት ዞርሁ። ከጓደኛዬ መኪና የተረፈ መጓየርስ ቁጥር 7 ነበረኝ፤ ግሌዝ የሚሉት፣ ለአሮጌ ድፍን ቀለም የታወቀ ነገር። የሚፍቅ አይደለም፤ ሥራው ዘይት ማጠጣት ነው። የደረቀ ቀለም ወዝ አጥቶ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ነው፤ በመፋቅ ሳይሆን በመቀባት ይጀመራል። ኮፈኑንና በሮቹን በፎጣ ወፍራም አድርጌ ቀባሁ፣ በክብ እያሸሁ። ሊስትሮው ቢያየኝ ይቆጣኝ ነበር፤ ግን ይህ ሰም አይደለም፣ ምግብ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንዲጠጣ ተውሁት።

እሑድ፣ ጥር 3

ጠዋት ገብቼ ሳይ ኮፈኑ ቦታ ቦታውን ደርቋል፤ በጣም የተጠማው የሾፌሩ ፊት ያለው ነው። እንደገና ቀባሁና በፎጣ ማሸት ጀመርሁ። የፎጣው ሸካራነት ብቻውን የሞተውን ዱቄት ያነሳል። ፎጣው በደቂቃ ውስጥ ሰማያዊ፤ አጥፌ ሌላ ፊት፤ ከዚያ ሌላ ፎጣ። አሥራ አንድ ፎጣ። የልብስ ገመዱ ላይ ተሰጥተው የጎረቤት ልጅ «የእናንተ ቤት ሰማይ ታጥቦ ተሰጣ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የጣሪያው ነገር አሳሳተኝ። እያሸሁ ሳለ ፎጣው ምንም አልሆነም፤ ሥራ የማልሠራ መሰለኝ። ነጭ ቀለም ነጭ ፎጣ ላይ አይታይማ። ጥቁር የሸሚዝ ቁራጭ ስይዝ ወዲያው ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ነጭ መኪና ያለው ሰው ይህን ይያዝ፤ ካልሆነ ሳያውቀው ወደ ሥሩ ይደርሳል።

ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ግድም ሳያት ቆሜ ቀረሁ። ሰም ገና አልነካትም። የኮፈኑ ሰማያዊ ውስጥ የጋሼ ባርኔጣ ይታያል፤ ጠርዙ የተቆራረጠ ቢሆንም ባርኔጣ መሆኑ ይለያል። ሳምንት ሙሉ ስለ ጣሳው ስመራመር ነበር፤ ብርሃኑ የወጣው ግን ከጣሳው ምንም ሳይነካ ነው። ድሬ ድረስ የወጣውን ገንዘብ ሳስብ ትንሽ አናደደኝ።

ጋሼ ምንም አላሉም። ወንበር አምጥተው ከፊቷ ተቀመጡ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ሰም። በቆርቆሮ መጠለያው ጥላ ሥር፣ ብረቱ እጅ ሲነካው ቀዝቃዛ እስኪሆን ከ10 ሰዓት በኋላ ጀመርሁ። አዲሱን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ከበብሁት፤ ጥቁሩን የመስኮት ጎማ ግን ረሳሁ።

ስፖንጁን ጣሳው ላይ አንድ ዙር፣ ከዚያ ግማሽ ኮፈን። መቀባቱ ሊታይ እስኪያቅት ድረስ ስስ። ወፍራም ሰም የበለጠ አያበራም፤ የበለጠ ያስቸግራል። ሲደርቅ ጉም ይመስላል። ጣቴን በጉሙ ላይ ሳብሁ፤ መጀመሪያ ተለጠፈና አደበዘዘ፣ አልደረሰም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና፤ ጣቴ ያለፈበት መስመር ጥርት ብሎ ቀረ። ያኔ ነው የሚጠረገው። በር ጨርሼ በር፤ ሙሉ መኪና ቀብቶ ከዚያ መጥረግ እጅ የሚያስረግም ስህተት ነው፤ ከዚህ በፊት ሠርቼዋለሁ።

እሑድ፣ ጥር 10

ሌሊት የጎረቤት ድመት ኮፈኑ ላይ ተኝታ ነበር፤ አራት አቧራማ ዳናና አንድ ክብ። ጨርቅ ሳላሳርፍ ውሃ አርከፍክፌ አወረድሁት። ደረቅ አቧራ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የሦስት ሳምንት ሥራ በሦስት ደቂቃ መጣል ነው።

ሁለተኛ ድርብ ቀባሁ፤ ብርሃን ለመጨመር ሳይሆን ትናንት የሳትሁት ቦታ ካለ ለመሸፈን።

የረሳሁት የመስኮት ጎማ ዳር ዳሩን ነጭ ሆኖ አገኘሁት። የሰም ነጭ ጎማ ላይ ከደረቀ በሳሙና አይለቅም። መፍትሔው ከማድ ቤት መጣ፦ የባቢሌ ለውዝ ቆልተን የፈጨነው ቅቤ። ዘይቱ ሰሙን ያላላዋል፣ ፍጩ በቀስታ ይፍቀዋል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሸሁት፣ ጠረግሁት፣ ጥቁር ሆነ። ጋሼ የቀረውን በዳቦ በሉት።

እሑድ፣ ጥር 17

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚያሸበርቋት ወጣቶች ሪባንና አበባ ይዘው መጡ። ኮፈኑ ላይ ፕላስተር ለጠፉ፤ ተላጠ። ሌላ ለጠፉ፤ ተላጠ። «ይህች መኪና ምን ተቀብታ ነው?» አለ አንዱ በብስጭት። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በመጨረሻ ሪባኑን ከስፖኪዮ እስከ ፓራውልት አሰሩት፤ አበባውም የፊት መብራቶቹ መሀል በገመድ ተንጠለጠለ። የፕላስተር ሙጫም በሰሙ ላይ አልቀረም።

ሙሽራዋ ስትገባ ፓራፋንጎው ላይ ያለችውን ነጠብጣብ ማንም አላያትም። እኔ ግን በየፎቶው ውስጥ የማየው እሷን ነው።

እሑድ፣ የካቲት 1

ቀለም ቀቢው ካለው ወር አራት ቀን አለፈ። መኪናዋን በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጠብሁ፤ ውሃው ኮፈኑ ላይ ሽንብራ እያከለ ተንከባለለ፤ አዲሷ ቦታ ላይ ብቻ ተንጣሎ ቆመ። አደረቅሁ። ሁለት ጣቴን በጨርቅ አጥብቄ ጠቅልዬ የጣሳውን ዳር ነካሁ፤ ሊስትሮው እንዳደረገው። ጉም፣ ጣት፣ ጥርግ። ከጥግ ሲያዩት ጥቂት ጥቁር ይላል፤ ከፊት ሲያዩት ግን የለም።

ጣሳውን ላስቀምጥ ጋራዡ ውስጥ ስገባ መደርደሪያው ላይ የላምባ ጠርሙሷ አልነበረችም። ጋሼ ለምድጃ ብለው ወደ ማድ ቤት ወስደዋታል።